የመግነጢስ መርፌና የራዲዮ ሞገድ ስለ ላይኛው አየር ያስረዱት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው ሰማይ ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ

መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በስተግራው የጮቄን ተራራ፣ በስተቀኙ የዓባይን ሸለቆ ይዞ የሚጓዝ ነው። የዚህ አካባቢ ገበሬ ዝናቡንና ውርጩን አስቀድሞ ለመገመት ሰማዩን ሲመለከት ኖሯል። በዲማ ጊዮርጊስና በመሰሉት ገዳማት ያሉ ሊቃውንትም የጨረቃን ሌሊትና የፀሐይን ቀን በባሕረ ሐሳብ እየቈጠሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ በዚሁ ሰማይ ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ዓይን የማያየውና ጆሮ የማይሰማው ታላቅ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደሚያልፍ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው።

ወደዚያ ከፍታ አውሮፕላንም ሆነ ፊኛ አይደርስም። ስለዚህ ሮኬትና ሳተላይት ከመሠራታቸው በፊት የሰው ልጅ ላይኛውን አየር የመረመረው መሬት ላይ ቆሞ፣ በተለይም በሁለት መሣሪያዎች ነበር። አንዱ የመግነጢስ መርፌ፣ ሁለተኛው የራዲዮ ሞገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ መሣሪያዎች ምን እንዳስረዱ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ምርምር ምን ልዩ ቦታ እንዳላት፣ ይህም ዕውቀት ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ምን ሊጠቅም እንደሚችል መግለጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ልዩ ማመልከቻ ካልተሰጠ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

መርፌው የሰጠው የመጀመሪያ ፍንጭ

የመግነጢስ መርፌ ሰሜንን ሲያመለክት ፈጽሞ የማይነቃነቅ ይመስላል። ሆኖም በ1722 ጆርጅ ግራሃም የተባለው የለንደን የሰዓትና የመሣሪያ ሠሪ አንድን መርፌ በትዕግሥት ሲከታተል በየቀኑ ጥቂት ወዲያና ወዲህ እንደሚል ተመለከተ። በ1741 ደግሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ አንደርስ ሴልሲየስና ኦሎፍ ዮርተር፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚታየው የሰማይ ብርሃን በሚነሣበት ሌሊት መርፌው በኃይል እንደሚናወጥ አረጋገጡ። በዚህም የመሬት መግነጢስና ከአየር በላይ የሚፈጸመው ነገር የተያያዙ መሆናቸው ተጠረጠረ።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ በ1839 ባሳተመው ጥናት የመሬት መግነጢስ በአብዛኛው ከመሬት ውስጥ የሚመነጭ መሆኑን በሒሳብ ካሳየ በኋላ፣ ጥቂቱ ክፍል ከላይ ካለ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሊመጣ እንደሚችል ጠቆመ። በ1882 ስኮትላንዳዊው ባልፉር ስቱዋርት ይህን ሐሳብ አስፋፍቶ፣ ላይኛው አየር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ እንደ ሆነና በፀሐይ ሙቀት በሚነሣ ነፋስ እንደሚንቀሳቀስ ገለጠ። እንደ እርሱ አባባል የሚንቀሳቀሰው አየር በመሬት መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መርፌውን በየቀኑ የሚያነቃንቀውም ይኸው ነው። ይህ አሳብ ከቀረበ በኋላ በቀጥታ እስኪረጋገጥ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ወሰደ።

በዚሁ መቶ ዓመት የመግነጢስ መለኪያ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ከ1838 እስከ 1848 በአገራችን የተዘዋወረው አንትዋን ዳባዲ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት የመርፌውን የዕለት ለውጥ ለመለካት ወደ ብራዚል ሄዶ ነበር። በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸውን የመሬት ፊዚክስ ልኬቶች አጠቃሎ በ1873 በመጽሐፍ አሳትሟል። ወንድሙ አርኖ ደግሞ በጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ዘንድ መቀመጡ በታሪክ የታወቀ ነው።

ራዲዮ ያመጣው ማስረጃ

በታኅሣሥ ወር 1901 ጉልየልሞ ማርኮኒ ከእንግሊዝ አገር የተላከ የራዲዮ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ በኒውፋውንድላንድ መቀበሉን አስታወቀ። ርቀቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የራዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ የመሬትን ክብነት ተከትሎ እንዴት ሊታጠፍ ቻለ የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1902 በአሜሪካ አርተር ኬኔሊ፣ በእንግሊዝ ኦሊቨር ሄቪሳይድ፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ ሞገዱን እንደ መስተዋት የሚመልስ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ንብርብር በላይኛው አየር ውስጥ አለ አሉ።

አሳቡ በተግባር የተረጋገጠው በታኅሣሥ 1924 ነው። ኤድዋርድ አፕልተንና ማይልስ ባርኔት ከቦርንማውዝ የራዲዮ ጣቢያ የሚላከውን ሞገድ ርዝመት ቀስ በቀስ እንዲለወጥ አስደርገው በኦክስፎርድ ከተማ ተቀበሉት። በመሬት ላይ በቀጥታ የመጣው ሞገድና ከላይ ተመልሶ የመጣው ሞገድ ሲገናኙ፣ ድምፁ እየጐላና እየደከመ ይሰማ ነበር። የመጕላቱንና የመድከሙን ብዛት ቈጥረው ሞገዱ የተመለሰበትን ከፍታ 90 ኪሎ ሜትር ያህል አድርገው አሰሉት። በ1925 ደግሞ ግሪጎሪ ብራይትና መርል ቱቭ በዋሽንግተን አጫጭር የራዲዮ ምቶችን ወደ ላይ እየላኩ ማሚቶው የሚመለስበትን ጊዜ ለኩ።

የዚህ ሁለተኛ ዘዴ ስሌት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የራዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ማሚቶው ምቱ ከተላከ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ 2 እጅ በኋላ ቢመለስ፣ ሞገዱ የተጓዘው 600 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ ርቀት የመውጫና የመመለሻ ድምር በመሆኑ ለ2 ሲካፈል የንብርብሩ ከፍታ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በዚህ ዓይነት ምርምር ላይኛው አየር አንድ ንብርብር ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው ክፍል ዲ፣ ከዚያ በላይ እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ኢ፣ ከዚያም በላይ ያለው ኤፍ ተብሎ ተሰየመ። ጠቅላላው አዮኖስፌር ይባላል። የፀሐይ ጨረር የአየሩን አቶሞችና ሞለኪውሎች መትቶ ኤሌክትሮኖቻቸውን ስለሚነጥቃቸው ይህ አየር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አፕልተንም ስለዚህ ሥራው በ1947 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በቢቸና ወይም በሞጣ ራዲዮ የሚከፍት ሰው ሁሉ ይህን ነገር ሳያውቀው ፈትኖታል። በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራጭ የሩቅ አገር ጣቢያ በቀትር አይሰማም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን እየጠራ ይመጣል። ምክንያቱ ቀን ቀን የዲ ንብርብር ሞገዱን ውጦ የሚያስቀር መሆኑ ነው። ሌሊት የፀሐይ ጨረር ሲቋረጥ ይህ ንብርብር ስለሚጠፋ ሞገዱ ወደ ላይኛው ንብርብር ደርሶ ይመለሳል።

የመግነጢስ ወገብና ኢትዮጵያ

መሬት ሁለት ወገብ አላት ማለት ይቻላል። አንደኛው ሁሉ የሚያውቀው፣ ከዋልታዎች እኩል የራቀው የምድር ወገብ ነው። ሁለተኛው የመግነጢስ ወገብ ሲሆን፣ በመካከሉ በነፃ የተንጠለጠለ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል በትክክል የሚጋደምበት መስመር ነው። ይህ መስመር በአፍሪካ ውስጥ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቆ በናይጄሪያ፣ በቻድና በኢትዮጵያ በኩል ወደ ደቡብ ህንድ ይሻገራል። በደቡብ አሜሪካ ግን ወደ ደቡብ ወርዶ በፔሩ ያልፋል። መስመሩ ከዘመን ወደ ዘመን ቀስ እያለ ቦታውን ይለውጣል፤ ከአዲስ አበባ ግን ብዙ አልራቀም።

በ1922 የካርኔጊ ተቋም በፔሩ ተራሮች ላይ ሁዋንካዮ በተባለ ስፍራ የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ ባቋቋመ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በሌሎች ሞቃት አገሮች ጥቂት በአሥር የሚቈጠር ናኖቴስላ የሚሆነው የቀትር ለውጥ፣ በሁዋንካዮ ከ100 ናኖቴስላ በላይ ሆኖ ታየ። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ይህን ክሥተት የሚያስከትለውን ጠባብ የኤሌክትሪክ ፍሰት የምድር ወገብ ኤሌክትሮጄት ብሎ ሰየመው።

ፍሰቱ በመግነጢስ ወገብ ላይ ብቻ የሚበረታበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ቀን ቀን በላይኛው አየር የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ምሥራቅ የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። በመግነጢስ ወገብ ላይ የመግነጢስ መስመሮች ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ወደ ሰሜን የተጋደሙ ናቸው። እነዚህ ሁለት መስኮች ሲገናኙ ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይ ይገፏቸዋል። ነገር ግን ንብርብሩ ቀጭን ሲሆን፣ ከእርሱ በላይና በታች ያለው አየር በዚያ አቅጣጫ ኤሌክትሪክን በሚገባ አያስተላልፍም። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ መውጫ አጥተው በላይኛው ጠርዝ ይከማቻሉ፤ ታችኛው ጠርዝ አዎንታዊ ሙላት ይይዛል። በሁለቱ ጠርዞች መካከል የሚፈጠረው አዲስ መስክ ከመጀመሪያው እጅግ የበረታ ነው። እርሱም በበኩሉ ኤሌክትሮኖችን ወደ ምዕራብ ይነዳል፤ ይህም በተለመደው አቈጣጠር ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ብርቱ ፍሰት ማለት ነው። ከወገቡ ሲራቅ የመግነጢስ መስመሮች ስለሚያዘነብሉ የተከማቸው ሙላት በእነርሱ በኩል እየፈሰሰ ያመልጣል። በመሆኑም ኤሌክትሮጄቱ ከወገቡ በሰሜንና በደቡብ ከ3 ዲግሪ ገደማ አያልፍም።

የአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ ያየው

ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ከ60 የሚበልጡ አገሮች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ታወጀ። ኢትዮጵያም የተሳትፎ ድርሻዋን የተወጣችው በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በማቋቋም ነው። ያቋቋሙትና ለረጅም ጊዜ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን ሲሆኑ፣ በኋላም በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ ታውቀዋል። ከተማይቱ በመግነጢስ ወገብ አጠገብ የምትገኝ በመሆኗ የጣቢያው ልኬት ከመጀመሪያው ጀምሮ ተፈላጊ ነበር።

በኤሌክትሮጄት ሥር ያለ ጣቢያ መዝገብ በጸጥታ ቀን የታወቀ መልክ አለው። ሌሊቱን መስመሩ ሜዳ ይሆናል። ከንጋት በኋላ መውጣት ይጀምርና ወደ ቀትር ሲቃረብ ከፍተኛውን ደረጃ ይይዛል፤ ከዚያም እየወረደ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በአዲስ አበባ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ታየ። የመግነጢስ ማዕበል በሌለበት ጊዜ፣ መስመሩ ከሌሊቱ ደረጃ በታች ወረደ። አባ ጉዌን በ1962 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የቀኑ ለውጥ በአዲስ አበባ መገልበጡን ገለጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ተመልካቹ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ መዝገቡን መጣል ነው። ሁለተኛው ነገሩን ከፀሐይ በሚነሣ የመግነጢስ ማዕበል ማመካኘት ነው። ማዕበል ግን በዓለም ዙሪያ ባሉ ጣቢያዎች ሁሉ ይታያል፤ የአንድ መሣሪያ ብልሽት ደግሞ በሌላ ጣቢያ አይደገምም። በወገቡ መስመር ላይ ባሉ ጣቢያዎች ብቻ የሚታይ ለውጥ ከኤሌክትሮጄቱ ከራሱ በቀር ሌላ ምንጭ ሊኖረው አይችልም። አባ ጉዌንና ፈረንሳዊው ፒየር ኖኤል ማዮ በ1967 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍሰቱ በአንዳንድ ሰዓት አቅጣጫውን ለውጦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሊሄድ እንደሚችል አስረድተው ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚል ስም ሰጡት። ይህ ስም እስከ ዛሬ በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ይሠራበታል። የተመሠረተውም በየቀኑ ያለ ማቋረጥ በአዲስ አበባ በተያዘ መዝገብ ላይ ነው።

በኋላ የተደረገው ምርምር የመገልበጡን ምክንያት አብራርቷል። ክሥተቱ በብዛት በጠዋትና ከቀትር በኋላ፣ በተለይም ጨረቃ ሠርቅ ወይም ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ይታያል። ጨረቃ የባሕርን ውሃ እንደምታነሣና እንደምታወርድ ሁሉ አየሩንም በመጠኑ ስለምታንቀሳቅሰው፣ የላይኛው ነፋስ ሚዛን ይለወጣል። ከ2000 ወዲህም በሰሜን ዋልታ ላይ ያለው የመካከለኛው አየር በክረምታቸው በድንገት በሚሞቅበት ጊዜ በወገቡ ላይ ያለው ፍሰት ጠዋት በርትቶ ከቀትር በኋላ እንደሚገለበጥ ተረጋግጧል። የጨረቃን ሌሊት በባሕረ ሐሳብ የሚቈጥር የዲማ ሊቅ፣ ለዚህ ስሌት ከሚያስፈልጉት ቍጥሮች አንዱን አስቀድሞ በእጁ ይዟል ማለት ነው።

ቢቸናና ሞጣ በኤሌክትሮጄቱ ጠርዝ

ቢቸና ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ በአየር መስመር 170 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሞጣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ሁለቱም ከመግነጢስ ወገብ በስተሰሜን ሆነው ከኤሌክትሮጄቱ ቀበቶ ሳይወጡ ይገኛሉ። ይህ አቀማመጣቸው ሁለት ቁም ነገሮችን ለማስረዳት ያመቻል።

አንደኛው የመርፌው ማዘንበል ነው። በመግነጢስ ወገብ አጠገብ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ ሰሜን ሲኬድ የመርፌው ዝንባሌ ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በአዲስ አበባ ተጋድሞ የሚቆም መርፌ፣ ኬክሮሷ በሁለት ዲግሪ በምትበልጠው በሞጣ ሰሜናዊ ጫፉ ወደ መሬት አራት ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ዝንባሌ ያሳያል።

ሁለተኛው የኤሌክትሮጄቱ መካከል የት እንደ ሆነ ከመሬት የሚታወቅበት ዘዴ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ፍሰት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ያጠነጥናል። ከፍሰቱ በቀጥታ ሥር ባለ ቦታ ይህ መስክ ወደ ሰሜን ብቻ ያመለክታል። ከፍሰቱ በስተሰሜን ባለ ቦታ ግን ጥቂት ወደ ላይ፣ በስተደቡብ ባለ ቦታ ጥቂት ወደ ታች ያዘነብላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በቢቸናና በሞጣ ሦስት መሣሪያዎች በአንድ ቀን ቢተከሉ፣ የቁመቱ ለውጥ ወደ ዜሮ የሚቃረብበት ስፍራ የፍሰቱን መካከል ያመለክታል። ጠርዙንም የቀትሩ ከፍታ እየቀነሰ የሚሄድበት መጠን ያሳያል።

ከዚህ ጋር የተቀራረበ ዘዴ በእርግጥ በኢትዮጵያ ተሠርቶበታል። ኢትዮጵያዊው ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋውና አሜሪካዊው ማርክ ሞልድዊን በመሩት አምበር በተባለው የአፍሪካ የማግኔቶሜትር ፕሮግራም ከ2008 ጀምሮ በአዲግራት መሣሪያ ተተክሎ ነበር። አዲግራት ከኤሌክትሮጄቱ ቀበቶ ውጭ በመሆኗ የእርሷ ልኬት ከአዲስ አበባው ሲቀነስ የሚቀረው የኤሌክትሮጄቱ ብርታት ነው። ቢቸናና ሞጣ የሚገኙት በእነዚህ ሁለት ጣቢያዎች መካከል ነው።

ዕውቀቱ የሚሰጠው ጥቅም

ይህ ጥናት ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ መሣሪያ ቦታን የሚያሰላው ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚመጣ የራዲዮ ምልክት የወሰደውን ጊዜ ቈጥሮ ነው። ምልክቱ አዮኖስፌርን ሲያቋርጥ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ካልታረመ የተለካው ቦታ በሜትሮች ይሳሳታል። በወገቡ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በኤፍ ንብርብር ውስጥ ኤሌክትሮን የጐደለባቸው አረፋ መሰል ክፍሎች ወደ ላይ ስለሚነሡ ምልክቱ ይርገበገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቋረጣል። ይህም የመሬት ቀያሹንም የአውሮፕላን አብራሪውንም ይነካል። የዚህን ነገር መነሻ ከሚወስኑት አንዱ ኤሌክትሮጄቱን የሚነዳው የኤሌክትሪክ መስክ ነው።

ይሁን እንጂ የመግነጢስ ወገብ በየብስ ላይ ረጅሙን ጉዞ የሚያደርገው በአፍሪካ ሆኖ ሳለ፣ የመለኪያ ጣቢያዎች ብዛት በአህጉሩ ውስጥ አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል። በናይጄሪያ ኢባዳን፣ በፔሩ ሂካማርካ፣ በህንድ ቱምባ የተገኘው ውጤት ስለ ኢትዮጵያ ሰማይ በሙሉ ሊመሰክር አይችልም፤ የመግነጢሱ ብርታትና የነፋሱ ጠባይ ከኬንትሮስ ወደ ኬንትሮስ ይለያያልና። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኦብዘርቫቶሪ መዝገቡን ከዓለም አቀፉ የኢንተርማግኔት መረብ ጋር አገናኝቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በጥንታዊው የጎጃም የቅኔ ቤት ስም ዋሸራ ተብሎ የተሰየመ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል።

በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚችል

ለዚህ ትምህርት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የመጀመሪያው ልምምድ በራዲዮ የሚደረግ ነው። ተማሪዎች አንድን የሩቅ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ መርጠው በየሩብ ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድምፁ በምን ያህል እንደሚሰማ ከ0 እስከ 5 ባለው ነጥብ ይመዘግባሉ። ይህን ለአንድ ወር ቢቀጥሉ የዲ ንብርብር የሚጠፋበትን ሰዓት ከራሳቸው መዝገብ ሊያወጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው ልምምድ በመርፌ ነው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤሌክትሮጄቱ የሚጨምረው መስክ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ በነፃ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከተውን መርፌ ያበረታዋል እንጂ አያዞረውም። ስለዚህ በቢቸና ኮምፓስ ይዞ በቀትር የሚጠብቅ ተማሪ ምንም ላያይ ይችላል። መርፌው ለውጡን እንዲያሳይ ክሩን በመጠምዘዝ ወይም ሌላ መግነጢስ በአጠገቡ በማስቀመጥ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ እንዲያመለክት መገደድ አለበት። የሰሜኑ ኃይል በጨመረ ቍጥር ያን ጊዜ ወደ ሰሜን ጥቂት ይዞራል። በመርፌው ላይ ትንሽ መስተዋት ተለጥፎ የብርሃን ጨረር ቢወርድበት፣ ትንሿ እንቅስቃሴ በሩቁ ግድግዳ ላይ ጐልታ ትታያለች። ለውጡ በአካባቢው ካለው 36,000 ናኖቴስላ ያህል የመግነጢስ ኃይል መቶኛውን እንኳ የማይሞላ በመሆኑ፣ ቤቱ ከብረትና ከሙቀት ለውጥ የተጠበቀ መሆን ይገባዋል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በሆነ ጊዜ፣ በምሥራቅ ጎጃምም ፀሐይ አብዛኛው ገጿ ተሸፍኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የፀሐይ ጨረር ስለሚቀንስ በላይኛው አየር ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ይመናመናሉ። መዝገብ የያዘ ትምህርት ቤት ቢኖር የዚያን ዕለት ገጽ ከማግስቱ ገጽ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ሊመረምር በቻለ ነበር። የአንድ ቀን መዝገብ ዋጋ የሚያገኘው ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ ያሉት ቀኖች ተመዝግበው ሲገኙ ነው። የአዲስ አበባው ኦብዘርቫቶሪ ፍሰቱ መገልበጡን ሊለይ የቻለውም የሌሎቹን ቀኖች መልክ አስቀድሞ መዝግቦ ይዞ ስለ ነበር ነው።